ገዢም ይመዘናል

ይህ መልእክት መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ከአድማጮች መካከል አንዳንዶቻችሁ “በጽሑፍ ይሁንልን፣ ከልጆቻችን ጋር እናነበዋለን” ስላላችሁ፣ ወንድሞች ከድምፁ ገልብጠው፣ የተደጋገመውን ቀንሰው አሰናድተውታል። አነጋገሬን ብዙም አልነኩትም። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አቅርቡና ምሳሌ 20፥14 ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ። አሁን ግን ለእግር መንገድ ላውጣችሁ።

የምወስዳችሁ ፍኖተ ሰላም ነው። የማታውቋት ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ጥንት ወጀት ትባል ነበር። ፍኖተ ሰላም ማለት በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ከተማ ሆኖ “መንገድ” ተብሎ የተጠራ ቦታ ብዙ የለም መሰለኝ። ለነገሬም የሚስማማው ይኸው ነው፤ የምነግራችሁ ስለ መንገድ ነውና።

ጊዜው ግንቦት 2014 ዓ.ም. ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ፀሐይ በረድ ስትል ከተማው እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ቢሮ የዋለውም፣ ሱቅ የዋለውም፣ ቤት የዋለውም እኩል ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የሞባይል ሱቁ ድምፅ ማጉያውን ወደ ውጭ አዙሮ ይጮኻል፤ ልብስ ቤቶቹ ያለበሷቸውን አሻንጉሊቶች ከበራፍ ያቆማሉ። ሊስትሮው ሣጥኑን በብሩሽ ይመታል። ጭማቂ ቤቱ አቮካዶውንና ማንጎውን በመስታወት ውስጥ ደርድሮ ሕፃናቱን ያስጎመዣል። ከግድግዳው ጥግ ደግሞ ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ አላፊ አግዳሚው አጭር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ይጨዋወታል። እኔ ይህን ሰዓት እወዳለሁ፤ ሳልዋሽ ልናገር፣ ከጸሎት ስብሰባ የምዘገየውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

ያን ቀን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወጣን። ትልቋ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ስድስት። የወጣንበት ጉዳይ ለኔ ሸሚዝ ለመግዛት ነበር። በሳምንቱ ሁለት ሙሽሮች ላጋባ ቀጠሮ ነበረኝ፤ የነበረኝ ነጭ ሸሚዝ አንገቱ ላይ አልቆ ነበር። ልጄ ደግሞ በልጆች አገልግሎት የምትወጣበት የቃል ጥናት ነበራትና መንገድ ለመንገድ እየጠየቅኋት እንሄዳለን። ጥናቷ ምን ነበር መሰላችሁ? ዘዳግም 6። እዚያ ላይ ሙሴ ለወላጆች የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቻቸው መቼ መቼ እንደሚነግሩ ሲያዝ አራት ጊዜ ይጠራል፤ በቤት ተቀምጠው ሳሉ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሱ። ልጄ ሁለተኛውን ዘለለችው። “በመንገድ የሚለውን ረሳሽ፤ አሁን እኮ መንገድ ላይ ነን!” ብዬ ሳቅኩባት። ሳቄን ያዙልኝ፤ ይመጣል።

ልብስ ቤት ገባን። ደህና ሱቅ ነው። ከግድግዳው ላይ “ዋጋ አንድ ነው” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሻጩ ወጣት ወንበር አቀረበልን፤ “ፓስተር፣ ይቀመጡ” አለ። እኛ ተቀምጠን ሳለ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ አንድ የገጠር አባት ከልጃቸው ጋር ገቡና አንድ ሱሪ ዳሰሱ። ወጣቱ ከኋላው ዞር ብሎ “አትንኩት! ይቆሽሻል!” አላቸው። አባትየው እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጃቸው ቀና ብሎ የአባቱን ፊት አየ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ባለ ወርቅ ቀለበቱና ስለ ድኻው የጻፈው በጉባኤ ላይ ብቻ የሚሆን ይመስላችኋል? እኔ ግን ያን ጊዜ ያዕቆብ ትዝ አላለኝም። ቀለበት ባይኖረኝም የተመቸ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሸሚዙ 900 ብር ነው ተባልኩ፤ ቆጥሬ ሰጠሁ፤ አመስግኜ ወጣሁ። “ትንሽ አይቀነስም?” እንኳ አላልኩም። ግድግዳው ላይ ተጽፏላ!

ከዚያ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት እናት ማዳበሪያ አንጥፋ ማንጎ ትሸጣለች። ግንቦት የማንጎ ጊዜ ነው፤ የጃቢ ጠህናን ማንጎ ያንን መንገድ የሚያሸትትበት ወር። አምስት አምስት አድርጋ ደርድራ ሰባት መደብ ቀርቷታል። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። አጠገቧ የኔን ልጅ የምታክል፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጇ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች።

“ስንት ነው እናቴ?”

“መደቡ ሃያ ሃያ ነው የኔ ጌታ። መሽቶብኛል፤ ሰባቱንም ያንሱልኝና መቶ ሃያ ይስጡኝ።”

ሰባት መደብ በሃያ ቢሰላ 140 ነው፤ ሳልጠይቃት ሃያ ብር ቀንሳልኛለች። እኔ ግን አንዱን ማንጎ አነሳሁ፤ ጫን ጫን አደረግኩት፤ ፊቴን አጨማደድኩ። “ይሄ እኮ ረግቧል። ይሄኛውም ውስጡ ተበላሽቷል። ይሄንን ማን ይገዛሻል? ለነገ ደግሞ አይደርስልሽም። በስልሳ ልውሰድልሽ” አልኳት። “ኧረ የኔ ጌታ፣ መንገዴ ሩቅ ነው፣ ከልጅ ጋር ነኝ” አለች። መንገዷ ሩቅ መሆኑን ስሰማ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እንደማትከራከረኝ አወቅኩ። ዞር ብዬ የመሄድ ያህል ሆንኩ። ጠራችኝ። በስልሳ ብር ሰባቱን መደብ አንስቼ ሄድኩ።

ጭማቂ ቤቱ በር ላይ አንድ የማውቀው ወንድም አገኘኝ። ከረጢቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። “ሰባት መደብ፣ ስንት ብገዛው ጥሩ ነው? በስልሳ ብር!” ተሳሳቅን። “አንተን ነጋዴ ነበር ማድረግ” አለኝ።

አሁን ምሳሌ 20፥14ን ክፈቱ። ቃሉን ራሳችሁ አንብቡት፤ እኔ ሐሳቡን ልንገራችሁ። ጠቢቡ የገበያን ሰው ከሩቅ ቆሞ ያየዋል። ገዢው በሻጩ ፊት ሳለ ዕቃውን ሲያጣጥል ይቆያል፤ ከሻጩ ዓይን ዞር ሲል ደግሞ ያንኑ ዕቃ ይዞ ጉራውን ይነዛል። በቃ፣ ይህን ብቻ ነው የሚለው። ኃጢአት ነው ብሎ እንኳ አልጨመረበትም። ፎቶ አንሥቶ ያሳየናል። እኔ ይህን ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ በፈተናም ተጠይቄበታለሁ። ከጭማቂ ቤቱ በር ላይ ከረጢት አንጠልጥዬ የቆምኩት ሰውዬ እኔ እንደሆንኩ ግን አልታወቀኝም።

ያሳወቀችኝ ልጄ ናት። ቤት ገብተን፣ ማንጎው ታጥቦ፣ እጅና ፊታቸው ቢጫ እስኪሆን በሉ። እንደ ማር ነበር። ልጄ አንዱን ጨርሳ ፍሬውን እየላሰች፣ “አባዬ፣ ሸሚዙን ስትገዛ ለምን ‘ይሄ የተበላሸ ነው’ አላልክም?” አለችኝ። “ሸሚዙማ አልተበላሸም” አልኳት። ዝም አለች። ቆየችና፣ “ማንጎው ተበላሽቷል ካልካት ለምን ለኛ ገዛህልን?” አለች።

ወገኖቼ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ማንጎው ተበላሽቶ ከነበር ለልጆቼ የተበላሸ ነገር አብልቻለሁ። ደህና ከነበር ደግሞ ያቺን ሴት ዋሽቻታለሁ፤ ውሸቴንም በልጄ ፊት፣ ዘዳግም 6ን እያስጠናኋት፣ በመንገድ ላይ! የሳቅኩባት “በመንገድ” የሚለው ቃል ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። እሷ በቃል ጥናቷ ረሳችው፤ እኔ በኑሮዬ።

ብዙዎቻችን ከአራቱ ሦስቱን ደህና አድርገን ይዘናል። ቤት ስንቀመጥ የቤተሰብ ጸሎት አለን። ሲተኙ ጸልየን እናስተኛቸዋለን፤ ሲነሱ እንባርካቸዋለን። መንገዱን ግን የማንም ያልሆነ ሰዓት አድርገነዋል። ስልካችንን እያየን እንሄዳለን፤ ወይ ባጃጅ ውስጥ እንከታቸዋለን። ሕፃን ልጅ ግን አባቱን በደንብ የሚያጠናው መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የምታገኘው አንድ ዓይነት አባት ነው። መንገድ ላይ ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚያጎነብስ፣ ለነጋዴ እንዴት እንደሚስቅ፣ ለለማኝ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር፣ ለገጠር ሴት በምን ድምፅ እንደሚናገር ሁሉንም ታያለች። እንዳይጠፉብን እጃቸውን አጥብቀን እንይዛለን፤ ዓይናቸው ግን በየት በኩል እንደሚሄድ አናይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ፤ ሬዲዮ ላይ ስናገረው አንዳንዶች “ፓስተሩ መከራከር ኃጢአት ነው አለ” ብለው ተረድተዋል። አላልኩም። የኛ አገር ገበያ ያለ ክርክር ሰላምታም የለውም። ሻጯ ከፍ አድርጋ ትጠራለች፣ ገዢው ዝቅ ያደርጋል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ በመሐሉ ስለ ዝናቡም ስለ ልጆችም ይጠያየቃሉ። እንዲያውም መጀመሪያ በጠራችው ዋጋ ዝም ብላችሁ ብትገዙ “ምነው ባስበለጥኩ!” ብላ የምትቆጭ አለች። አብርሃምም ገበያ ያውቃል። ዘፍጥረት 23 ላይ ሣራን የሚቀብርበት ቦታ ሲገዛ ኤፍሮን በመጀመሪያ እንዲሁ ልስጥህ ይለዋል፤ ልክ የኛ ባለ ሱቅ “ኧረ እንዲሁ ይውሰዱት” እንደሚለው ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ “በኔና በአንተ መካከል ይሄ ምን አላት” በሚመስል አነጋገር 400 ሰቅል ጣል ያደርጋል። ኮሌጅ ሳለን “ዋጋው ተጋኗል፣ አብርሃም ተበልቷል” ብለን የተከራከርንበት ክፍል ነው። አብርሃም ግን መሬቱን አላጣጣለም፤ በሰዎቹ ፊት ብሩን መዝኖ ሰጠ።

ታዲያ የኔ ጥፋት የት ላይ ነው? ደህናውን ነገር ክፉ ማለቴ አንድ ነው። ሁለተኛው የሚብሰው ነው፤ የመሸባት መሆኑን፣ መንገዷ ሩቅ መሆኑን፣ ልጅ መያዟን መደራደሪያ አደረግኩት። የሷን ጭንቀት እንደ ገንዘቤ ቆጠርኩት። ዘሌዋውያን 25፥14ን ስታነቡ አስተውሉ፤ እዚያ ትእዛዙ ለሻጭ ብቻ አይደለም። ስትሸጡም ስትገዙም ወንድማችሁን አትበድሉ ነው ነገሩ። እኛ ሰባኪዎች ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ስንሰብክ ሁልጊዜ ነጋዴውን ነው የምንወቅሰው። በዘዳግም 25 በከረጢት ውስጥ ስላለው ትልቅና ትንሽ ድንጋይ ስናነብ ባለ ሱቆቹን በዓይናችን እንፈልጋለን። እኔ ግን ያን ቀን በኪሴ ሁለት ሚዛን ይዤ ነበር፤ አንዱ ለልብስ ቤቱ፣ አንዱ ለአረንጓዴ ሻሿ።

ይበልጥ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። እኔ የቡሬ ገጠር ልጅ ነኝ።

ቡሬን የዛሬዋን የምታውቁ ብዙ ናችሁ፤ የዘይት ፋብሪካው፣ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ፣ ሌሊትና ቀን የማያርፈው ከባድ መኪና። በኔ ልጅነት ቡሬ ማለት ለኛ ገበያ ነበረች፤ ገበያ ማለት ደግሞ በርበሬ። የቡሬና የወንበርማ በርበሬ ስም እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ድልህ አድርጎ ከመብላት ባለፈ እንዴት እንደሚመጣ ለልጆቻችሁ ነግራችኋቸዋል? ዘሩ ቀድሞ በመደብ ላይ ይፈላል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔና ሐምሌ፣ ችግኙ በጭቃ ውስጥ አንድ በአንድ ወደ ማሳ ይዛወራል። ይኮተኮታል፤ ይታረማል። አንዳንድ ዓመት ሊቀላ ሲል ማሳው እንዳለ ጠውልጎ ይቀራል። ከተረፈ፣ ከጥቅምት በኋላ የቀላው እየተመረጠ ይለቀማል፤ ተሰጥቶ ይደርቃል። ስንለቅም ውለን ማታ ዓይናችንን በእጃችን ነክተን ያለቀስነውን እናስታውሳለን፣ የዚያ አገር ልጆች። ከዚያ በኋላ ነው እናቴ ጆንያውን በጀርባዋ አዝላ ቡሬ የምትወርደው።

እናቴ አንድ አነጋገር ነበራት፤ “ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የገዢ ናት” ትል ነበር። ጠዋት ላይ ያልተስማማ ገዢ ገበያውን ዞሮ ዞሮ፣ እሷ ወደ ቤቷ መንገድ ማየት ስትጀምር ይመለሳል። ጆንያውን ይዛ ሽቅብ እንደማትመለስ ያውቃል። እኔና እኅቴ ማታ በር ላይ ቆመን እንጠብቃት ነበር። ጨውና ላምባ ሳትይዝ አትመለስም። ደብተር ግን የሚመጣው ገዢው ደግ ከሆነ ነው። ደብተር ሳትይዝ የተመለሰችበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ በዚያ ዓመት የአማርኛና የሒሳብ ትምህርቴን በአንድ ደብተር፣ በፊትና በኋላ እያገላበጥኩ ጽፌ ነው የተማርኩት። አንድ ስሙን የማላውቀው ሰው ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ “ይህን በርበሬ ስንት ብገዛው ጥሩ ነው?” ብሏት ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ያንኑ ሰው ሆኜ ቆምኩ።

እናቴ ዛሬም አለች፤ በደብሯ ታስቀድሳለች፣ ጾሟን ትጾማለች፤ እኔ በሃይማኖት ከቤት ስለይ ብታዝንም ከመሶቧ አልለየችኝም። ይህን ታሪክ ስነግራት አልተቆጣችኝም። “ልጅቷስ? አብራት የነበረችው፣ የሴትየዋ ልጅ ምን አለች?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የኔን ልጅ ብቻ ነበር የማስበው። ሌላዋ ልጅም እኮ እያየች ነበር። የኔ ልጅ አባቷ ሲያታልል አየች፤ የሷ ልጅ እናቷ ስትለማመጥ አየች። እነዚያ ሁለቱ ልጆች እኩያ ናቸው።

ለዚያች ሴት ወንጌል ልመሰክርላት ብሄድ እስቲ ምን እላታለሁ? በስልሳ ብር ማንጎዋን ወስጄ፣ በማግስቱ “ጌታ ይወድሻል” ብላት፣ “አንተስ?” ብትለኝ?

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ልጄ ያን ጥያቄ እንደጠየቀችኝ ባለቤቴ አየችኝ። እሷ ገበያው ላይ ክንዴን ነክታ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ተነሣሁ፤ ከልጄ ጋር ባጃጅ ይዘን ተመለስን። ጨልሟል። ሱቆቹ መብራታቸውን አብርተዋል፤ ሰዉ አሁንም ይንሸራሸራል። እሷ ግን የለችም። አጠገቧ ቆሎ ትሸጥ የነበረችውን ሴት ጠየቅናት፤ “ቅድም ተነሥታ ሄደች፤ ከየት እንደምትመጣ አላውቅም” አለችን።

የዘኬዎስን ታሪክ የወደድነው ቀላል ስለሆነ ነው መሰለኝ። የበደላቸውን ሰዎች ያውቃቸዋል፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የበደልከውን ሰው ስሙን ካላወቅክስ? ዘኁልቁ 5 ላይ በዳዩ የወሰደውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል፤ የሚቀበለው ወገን ከታጣ ደግሞ ለእግዚአብሔር ይሆንና ለካህኑ ይሰጣል። ይህን ለልጄ ሳነብላት፣ “ታዲያ ካህኑ አንተ ልትሆን ነው?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከቀኝ ኪሴ አውጥቼ በግራ ኪሴ ልከተው ኖሯል! ስለዚህ እሷው መላ ፈጠረች። የወተት ዱቄት ጣሳ አጠበች። ሰማንያ ብር ያጎደልክባት ነው፣ አምስተኛው አሥራ ስድስት ነው፣ ዘጠና ስድስት ይመጣል ብላ አሰላች። ዝርዝር ስላልነበረ መቶ ብር ከተትን። ስናገኛት እንሰጣታለን ተባባልን።

ይህን ስል፣ ከልጆቻችሁ ጋር ወጥታችሁ ምንም ለመግዛት አቅም የሌላችሁ እንዳላችሁ አልረሳሁም። እንዲያውም ዛሬ እንዲህ ያለው ይበዛል። ልጅ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ጫማ ያሳያል፣ አባት የለውም፤ አለመኖሩ ያሳፍረዋል፤ ሐፍረቱን በቁጣ ሸፍኖ “አርፈህ አትሄድም!” ብሎ እጁን ይጎትተዋል። ወንድሜ፣ ልጅህ ያለቀሰው ለጫማው አይደለም። ጎንበስ ብለህ “ዛሬ የለኝም” በለው። የለኝም ማለት ነውር አይደለም። አይቶ፣ አድንቆ፣ የጌታን ስም ባርኮ መመለስም መንሸራሸር ነው። ከምትሸጠው እናት ጎን ቆም በል፤ ከየት እንደመጣች ጠይቃት፤ ልጅህ አጠያየቅህን ይስማ። ባትገዛትም ሰላምታህ ከገዢ ንቀት ይሻላታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ ግጭቱ ተነሣ። በነሐሴ ወር የፍኖተ ሰላም ሰዎች በከተማቸው መሐል ብዙ ወገኖቻቸውን አጡ። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ያ ሰው የሚተራመስበት አስፋልት አመሻሹ ላይ ጭር ሲል፣ ከገጠር የምትመጣ ሴት ማንጎዋን ይዛ ስትነሣ በሰላም ስለ መድረሷ ሳታውቅ ስትነሣ፣ እኔ በዚያ ሰማንያ ብር ምክንያት ሌሊት እነቃ ነበር። ነገ እመልሳለሁ ያልኩት ነገር የምመልስበት መንገድ ራሱ እንደሚዘጋ አላሰብኩም ነበር። በየዕለቱ የምናልፍባት የሠፈር ሻጭ፣ ነገም እዚያው ቦታዋ ላይ የምናገኛት ይመስለናል። ሂሳብ ያለባችሁ ካላችሁ፣ የሊስትሮ ልጅም ይሁን፣ የቤት ሠራተኛችሁ የቀረባት ደመወዝም ይሁን፣ መንገዱ ክፍት ሳለ ዛሬውኑ ሂዱ።

ጣሳው አሁንም ቤታችን፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አለ። መንገድ በተከፈተና ግንቦት በመጣ ቁጥር ከልጄ ጋር ያንን መንገድ እንዞራለን፤ ማንጎ ሻጮቹን እየጠየቅን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደቀለለ ለናንተ አልነግራችሁም። ባለፈው ግንቦት ልጄ መደቡን ጠይቃ መጣችና፣ “አባዬ፣ ሃያ የነበረው ስልሳ ገብቷል። መቶው ብር ሰባት መደብ አይገዛም፤ ጨምርበት” አለችኝ። ጨመርኩበት። በየዓመቱ እንደገና ታሰላለች።

ሬዲዮ ገጠር ድረስ ይሰማልና በዚያን ቀን እንዲህ ብዬ ነበር፤ በዚህም ወረቀት እደግመዋለሁ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ፣ አመሻሽ ላይ፣ አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጇን ይዛ፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት የማንጎ መደቦች በስልሳ ብር የሸጠች እናት የምታውቁ ካላችሁ፣ ማንጎው አንድም የተበላሸ አልነበረበትም በሉልኝ።